ድብርት ላለበት የሚጥል በሽታ ታማሚ የቱ ይሻላል? የቫገስ ነርቭ ማነቃቂያ ወይስ የአንጎል ጥልቅ ማነቃቂያ

መድኃኒት እምቢ ላለው የሚጥል በሽታ ሁለቱም፣ ነርቭን ወይም አንጎልን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቁ መሣሪያዎች፣ የመጣሉን ድግግሞሽ ይቀንሳሉ። በስሜት ላይ ግን በጣም ይለያያሉ።

የቫገስ ማነቃቂያው ግራ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ይቀበራል፤ ሽቦው አንገት ውስጥ ባለው የግራ ቫገስ ነርቭ (ከአንጎል ወደ ደረትና ሆድ የሚወርድ ነርቭ) ላይ ይጠመጠማል። ብዙውን ጊዜ በ0.25 ሚሊአምፔር ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ የተለመደው አሠራር 30 ሰከንድ ማነቃቃት፣ 5 ደቂቃ ማረፍ ነው። አሜሪካ ለሚጥል በሽታ በ1997፣ ለጽኑ ድብርት ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. ፈቅዳዋለች። ስሜት የሚሻሻለው በወራት ስለሆነ በሳምንታት ውስጥ ለውጥ የለም ብሎ መተው ስህተት ነው። ድምፅ ከሻከረ ወይም ሳል ካስቸገረ ኃይሉ ይቀነሳል። እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሰው አስቀድሞ መመርመር አለበት፤ መሣሪያው ሊያባብሰው ይችላል።

ጥልቅ ማነቃቂያው ሽቦዎቹን ግራና ቀኝ ታላመስ (አንጎል ውስጥ በጥልቀት ያለ ክፍል) ውስጥ ያስገባል። በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመው ዋና ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ድብርት የተመዘገበው ማነቃቂያው በበራላቸው 14.8 በመቶ፣ ባልበራላቸው 1.8 በመቶ ላይ ነበር። የማስታወስ ችግርም ጨምሯል። የሌሊት ማነቃቃት እንቅልፍ ስለሚያውክ ቮልቴጁን ማታ ዝቅ ማድረግ ይረዳል።

ድብርት ለነበረበት ሰው ቫገሱን እናስቀድማለን። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሐኪሙ ዘንድ የዚያኑ ዕለት መድረስ ያስፈልጋል።