የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፦ በመሬት ይሻላል ወይስ በምሰሶ ላይ?

መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለቱንም አሠራር ስለያዘ ለንጽጽር ይመቻል። ከአያት ጦር ኃይሎችና ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ የሚሄዱት መስመሮች በአብዛኛው መንገድ መሀል በአጥር ተከልለዋል። ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉትን አምስት ጣቢያዎች ግን በምሰሶ ላይ በቆመ ድልድይ ይጋራሉ።

ለእግረኛ ድልድዩ ይበልጣል። ሜክሲኮ ላይ ሰውም መኪናም በሥሩ ያልፋል። በሲኤምሲ በኩል አጥሩ ሰፈሩን ለሁለት ስለከፈለው፣ ፊት ለፊት የሚታይ ሱቅ ለመድረስ ማቋረጫ ፍለጋ መዞር ግድ ነው። የድልድዩ ጣጣ ደረጃው ነው፤ ሊፍት ካልሠራ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ተሳፋሪ መሆኑ ቀረ ማለት ነው። ይህ በጣም ያሳዝናል።

«ሁሉም በምሰሶ ላይ ቢሆን ሰልፉ ይቀንስ ነበር» የሚለው ግን ስሕተት ነው። አንድ ባቡር ጢም ብሎ ሲሞላ 280 ሰው ገደማ ይይዛል። በየ6 ደቂቃው ቢመጣ በሰዓት በአንድ አቅጣጫ 2,800 ሰው ያጓጉዛል፤ ሁለት ባቡር ተቀጥሎ ቢሄድ 5,600። በየ15 ደቂቃው ከሆነ ወደ 1,120 ይወርዳል። ሐዲዱን ከፍ ማድረግ ብቻውን ይህን አይለውጥም። የጋራው ድልድይ ላይ ደግሞ የሁለቱም መስመር ባቡሮች ስለሚገናኙ፣ አንዱ ሲበላሽ የሌላውም መንገደኛ ይጉላላል።

ሲጀመር 41 ባቡሮች ነበሩ፤ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል። ኩርባ ላይ የብረት ጎማው ከሐዲዱ ጋር እየተፋተገ ያልቃል። በጊዜው ካልተስተካከለ ወይም ካልተቀየረ ባቡሩ ከዴፖ (ከማደሪያና መጠገኛው ግቢ) አይወጣም፤ ለመቀየር ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ስለዚህ ገንዘብ ከተገኘ ቅድሚያ ለጎማና ለመለዋወጫ፣ ከዚያ ለእግረኛ መሻገሪያ ይዋል። አዲስ ምሰሶ ይቆይ።

አዲስ መስመር የሚዘረጋ ከተማ የፊሊፒንስ ዋና ከተማ ማኒላን ይይ። እ.ኤ.አ. በ1984 የተከፈተው መስመሯ በምሰሶ ላይ የሚሄድ ቀላል ባቡር ነው፤ ተሳፋሪ ሲበዛ ፉርጎ ቀጠሉበት። መሀል ከተማ ላይ ምሰሶው ያዋጣል፣ ፉርጎ ለመቀጠል እንዲመች የጣቢያው መሳፈሪያ መድረክ ከመጀመሪያው ረጅም ከሆነ።

ለተሳፋሪ፦ ከአያት ወደ አውቶቡስ ተራ የሚሄድ ከአምስቱ የጋራ ጣቢያዎች በአንዱ ወርዶ እዚያው መድረክ ላይ የሌላውን መስመር ባቡር ይጠብቅ። ወደ ቃሊቲ ከሆነ ስታዲየም ወርዶ ወደ ተቃራኒው መድረክ ይሻገር፤ ባቡሩ ግንባር ላይ የተጻፈውን መድረሻ ሳያነቡ አይሳፈሩ።