ደብረ ማርቆስ ውሻ ያላችሁ፣ ይህን ሐኪም እወቁልኝ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚሠራ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም አለ። ስሜን አደባባይ አታውጪው ስላለኝ ዶክተር ብቻ እለዋለሁ።

ቡቺ የምትባል ትንሽዬ ውሻ አለችን። ስታረግዝ ጎረቤቱ ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተሽ ስጫት አለኝ፣ ሌላው የካልሲየም ኪኒን። ኪኒኑን ልገዛ ዶክተር ጋ ሄድኩ። መደርደሪያው ላይ እያየሁት አልሸጥልሽም አለኝ! ቁጭ አድርጎም አስረዳኝ። ደም ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ ከአጥንት እንዲወጣ የሚያዝዙት አንገት ላይ ያሉ ጥቃቅን እጢዎች ናቸው። በእርግዝናዋ ወቅት ካልሲየም ከውጭ ከጎረፈላቸው ሥራ ይፈታሉ። ወልዳ ወተቱ ሲበረታና ካልሲየሟን ሲወስድባት ቶሎ አይነቁላትም። ይልቅ ምግቧን አሳምሪላት አለኝ፣ በተለይ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ። «ትንሽ ውሻ ብዙ ቡችላ ስታጠባ ግን እንዲያም ሆኖ ሊያማት ይችላል። ካለከለከች፣ ከተቅበዘበዘች፣ ከተንቀጠቀጠች ሰዓት ሳታዪ ደውይ።»

ቡቺ ብዙ ወለደች። ቡችሎቹ ሦስተኛ ሳምንታቸውን እንደያዙ አንድ ማታ ማለክለክ ጀመረች። ልጆቿን ትታ ቤቱን ትዞራለች። ወዲያው እግሮቿ ድርቅ አሉ፣ ጡንቻዋ ከቆዳዋ ሥር ይርገበገባል። ደወልኩ። በባጃጅ ከተፍ አለ። ትኩሳቷ 41 ዲግሪ ነበር።

ካልሲየም ግሉኮኔት በፊት እግሯ ደም ስር ሰጣት። አሰጣጡን ብታዩ! ማዳመጫው ጆሮው ላይ፣ አውራ ጣቱ መርፌው ላይ። ጥቂት ይገፋል፣ ልቧን ያዳምጣል። ምቷ ዘገየት ካለ ያቆማል፣ ሲስተካከል ይቀጥላል። ቶሎ ከተገፋ ልብ ያቆማል። እኔ እያለቀስኩ ቶሎ በልልኝ እላለሁ፣ እሱ ንቅንቅ የለም። መርፌው ሳያልቅ መንቀጥቀጡ ተዋት። እባካችሁ፣ የፈረንጅ ላም ወልዳ ስትወድቅ የሚሰጠውን የጠርሙስ ካልሲየም በግምት ውሻ ላይ እንዳትሞክሩ።

ቡችሎቹን ለ24 ሰዓት ለይተን በጡጦ አጠባናቸው፣ ምግብም ቶሎ አስለመድናቸው። በእርግዝናዋ የከለከለኝን ኪኒን ያን ጊዜ ነው የሰጠኝ፣ በክብደቷ ለክቶ፣ ማጥባት እስክታቆም።

ደምበጫና አማኑኤል ድረስም ይሄዳል። ቁጥሩን ለመስጠት ፈቅዶልኛል፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዶክተርዬ፣ ዕድሜ ይስጥልን።