አምስት ዙር ከፕላዝማ ማሽን ጋር

ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው ጡንቻን የሚያደክም በሽታ የዓይኔን ቆብ ጥሎት፣ እንጀራ ማኘክ እንኳ አቅቶኝ ነበር እዚህ ሜሪላንድ ሆስፒታል የገባሁት። የፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ልውውጡን ቀን እየዘለሉ አምስት ጊዜ ሠሩልኝ። ደሜ አንገቴ ላይ በገባ ቱቦ ይወጣል፤ ማሽኑ ጡንቻዬን ያደከመውን አንቲቦዲ (የሰውነቴ መከላከያ በስህተት የሠራውን ፕሮቲን) ከነፕላዝማው ያስቀርና የደም ሴሎቼን አልቡሚን ከሚባል የደም ፕሮቲን ጋር ይመልሳል። ከረጢቱ ሲሞላ አየሁት፣ የቀለጠ ቅቤ በሉት! ደም እንዳይረጋ የሚጨመረው ሲትሬት ካልሲየም ስለሚያወርድ ከንፈሬን ይነዝረኝ ጀመር። ነርሷ አስቀድማ አለመንገሯ ቅር ብሎኛል፤ ካልሲየም ስትሰጠኝ ግን ወዲያው ተወኝ። ክፍሉ ይበርዳል፣ ጋቢ ያዙ። ከሦስተኛው ዙር በኋላ የዓይኔ ቆብ ተነሳ፤ ቤቴ ስገባ ክትፎ ሳይሆን ጥብስ አኘክሁ። ውጤቱ የሚቆየው ለሳምንታት ነው፣ ክኒኑ አልቀረልኝም።