አሮጌ ፊልም የሚያጥብ ፎቶ ቤት፤ ከዚራ፣ ድሬዳዋ

ይህ ፎቶ ቤት ጥቁርና ነጭ ፊልም ዛሬም በእጅ ያጥባል። እኔ የወሰድኩለት፣ ምድር ባቡር ይሠሩ የነበሩት አባቴ ትተውት ያለፉትን፣ በተጣጣፊ ኮዳክ ካሜራቸው ውስጥ ሳይታጠብ የቀረ አንድ ጥቅል ፊልም ነው። አዛውንቱ ባለሙያ ካሜራውን ተቀብለው እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋውን ቆዳ በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «እንዲህ ዓይነቱ ነው እኮ ኤቨረስት ላይ የሚፈለገው» ሲሉኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምከታተለውን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው በማግኘቴ ከልቤ ተደሰትኩ።

እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 1924 እንግሊዛውያኑ ተራራ ወጪዎች የ37 ዓመቱ ጆርጅ ማሎሪና የ22 ዓመቱ አንድሪው ኧርቪን ወደ ኤቨረስት ጫፍ ሲያቀኑ፣ ከበታቻቸው የነበረው የቡድናቸው አባል ኖኤል ኦዴል ለ7 ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደመናው ተገልጦለት፣ ሁለት ጥቁር ነጥቦች በሸንተረሩ ላይ ሲወጡ አየ፤ ከዚያ ወዲያ በሕይወት ያያቸው የለም። ጫፉ ላይ የመጀመሪያ ሆነው መድረሳቸው የተረጋገጠላቸው ሂላሪና ቴንዚንግ በ1953 ከመውጣታቸው 29 ዓመት ቀድመው ጫፉን ረግጠውት እንደሆነ እስካሁን አልተረጋገጠም። በ1933 ከሁለቱ የአንዳቸው የበረዶ መጥረቢያ ተገኘ፤ በ1999 ደግሞ የማሎሪ አስከሬን ከ8,100 ሜትር በላይ፣ ቀኝ እግሩ ተሰብሮ፣ ወገቡ ላይ ገመድ እንደታሰረ ተገኘ። የበረዶ መነጽሩ ኪሱ ውስጥ ነበር። የቡድኑ ጓደኛ ኖርተን ከአራት ቀን በፊት መነጽሩን አውልቆ በመውጣቱ በበረዶው ነጸብራቅ ዓይኑ ለጊዜው ታውሮ ስለነበር፣ ማሎሪ ፀሐይ ሳትጠልቅ መነጽሩን ያወልቃል ብዬ አላምንም፤ ስለዚህ የወደቀው በምሽት፣ ሲወርድ ይመስለኛል። ይህ ግን ጫፉ ላይ ለመድረሱ ማስረጃ አይሆንም።

ማስረጃ ሊሆን የሚችለው ሌላው የቡድኑ አባል ሃዋርድ ሶመርቬል ያዋሳቸው ትንሽ ኮዳክ ካሜራ ነው። በማሎሪ ኪስ አልተገኘም። በ2024 የኧርቪን ስም የተሰፋበት ካልሲ ከነጫማውና ከእግሩ በበረዶ ግግር ላይ ሲገኝም ካሜራው አልነበረም። ፊልሙ ቢገኝ ቅዝቃዜው ጠብቆት ሊሆን ስለሚችል ምስል ይወጣው ይሆናል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ።

የአባቴ ፊልም የቆየው ግን በድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ነው። «አብዛኛው ተቃጥሏል፣ ልጄ» አሉኝ ባለሙያው፤ ሆኖም ከጨለማ ክፍል ይዘውት የወጡት አንድ ምስል የባቡር ጣቢያውን ፊትና ከዳር የገባ የሰው ክንድ በግልጽ ያሳያል። እጅጌው የአባቴ ነው፤ ካሜራውን ለማን ሰጥተው እንደተነሡ ግን የሚነግረኝ የለም።

በአንድ ሳምንት ይደርሳል የተባለው ሥራ ሦስት ሳምንት መፍጀቱና ኔጋቲቩ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መሰጠቱ አሳዝኖኛል፤ ለእንዲህ ያለ ዕቃ ወፍራም ፖስታ ይገባው ነበር። የሥራው ጥራት ግን እንከን የለውም፤ ዋጋውንም አስቀድመው ነው የነገሩኝ። ቀትር ላይ ስለሚዘጉና እስከ 10 ሰዓት ስለማይከፍቱ ጠዋት መሄድ ይሻላል።