ለጎንደር ቤት የትኛው የኔትወርክ ስዊች ይሻላል?

እኛ ሰፈር ውሃ በተራ ነው የሚመጣው። አንዳንዴ ሌሊት 9 ሰዓት መጥታ ጎህ ሳይቀድ ትሄዳለች። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ መጀመሪያ ራሱን እንዲችል ያደረግነው የውሃ ሞተሩን ነው። የታችኛው ታንከር ውስጥ ያለው ሴንሰር ውሃ መግባቱን ሲያይ ለትንሿ ኮምፒውተር፣ ለራስበሪ ፓይዋ፣ ይነግራታል። እሷ ሞተሩን አስነስታ ላይ ያለውን ሮቶ ታስሞላለች። ካሜራዎቹና የበሩ ደወልም እዚያው መስመር ላይ ናቸው። ሁሉንም የሚያገናኛቸው አንድ ስዊች ነው።

ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፍ ብሎ መጣ። ራውተሩ ተነሳ፣ ራስበሪ ፓይዋ ተነሳች፣ የስዊቹ መብራቶች ግን አልበሩም። አዳፕተሩን ስነቅለው የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። በዚያች ሌሊት ውሃ መጥታ ሄደች፤ ሞተሩ አልተነሳም። ቀጣዩ ተራ እስኪደርስ በጀሪካን ስንቀዳ ከረምን። ከዚያ ወዲህ ስዊች የምመርጠው በፍጥነቱ አይደለም። መብራት ከየት እንደሚወስድና መብራት ሲመለስ እንዴት እንደሚነሳ ነው የማየው።

ፒያሳ ወርዳችሁ «ስዊች» ብቻ ብትሉ ማብሪያ ማጥፊያ ሊያወጡላችሁ ይችላሉ። «የኔትወርክ ስዊች» በሉ።

ከርካሹ ልጀምር። ቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ኤስኤፍ1005ዲ ፕላስቲክ ነው፣ 5 ፖርት አለው፣ ፍጥነቱ 100 ሜጋቢት ነው። አትናቁት። ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ ብዙ ጊዜ የሚልከው ከ4 እስከ 8 ሜጋቢት ነው። የአምፖል መቆጣጠሪያው የፊሊፕስ ሂዩ ብሪጅ ራሱ ከ100 ሜጋቢት በላይ አያወጣም። የሚያጥራችሁ ፖርት ነው፤ አንዱን ራውተሩ ሲወስድ 4 ይቀራል። ለጀማሪ ይበቃል። ካሜራ ልጨምር ያለ ሰው ግን ዓመት ሳይሞላው ሌላ ይገዛል።

ቲኤል-ኤስጂ108 ባለ 8 ፖርት ነው፤ ጊጋቢት፣ አካሉ ብረት፣ ማራገቢያ የለውም። የሚወስደው 5 ዋት ገደማ ነው። የሚስተካከል ነገር ስለሌለው የሚጠፋበት ሴቲንግም የለም። መብራት ሲመለስ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሥራ ላይ ነው። የኔትጊር ጂኤስ308ም በባሕርይ ያው ነው፤ ከሁለቱ አዳፕተሩ ቢቃጠል ምትኩን ቶሎ የምታገኙለትን ውሰዱ። ካሜራ ለማያበዛ ቤት የእኔ ምርጫ ይሄ ነው።

ስሙ መጨረሻ ላይ «ኢ» የተጨመረበት ቲኤል-ኤስጂ108ኢ መልኩ ከእሱ ጋር አንድ ነው። ቪላን አለው፤ አንዱን ኔትወርክ ለሁለት የሚከፍል ሴቲንግ ስለሆነ ካሜራዎቹን ከቤተሰቡ ስልክ መለየት ይቻላል። ራውተራችሁ ቪላን የማያውቅ ከሆነ ግን ብዙም አይጠቅማችሁም። አይጂኤምፒ ስኑፒንግ የሚለውን፣ ለብዙ ዕቃ በአንዴ የሚላክ መልእክት ለሚፈልገው ብቻ እንዲደርስ የሚያደርገውን ሴቲንግ፣ ደግሞ ሳታውቁ አታብሩት። ኔትወርኩ ላይ «መልእክቱን የሚፈልግ ማነው?» እያለ በየጊዜው የሚጠይቅ ዕቃ ከሌለ 260 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ አንዳንድ ዕቃ ከስልካችሁ ላይ ይጠፋል። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ዋይፋዩን ስወቅስ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ምርጫ እንምጣ። ካሜራ ለሚያስብ ሰው ፒኦኢ ያለው ስዊች መብራትንም ዳታንም በአንድ ኬብል ይልካል። ቲኤል-ኤስጂ1005ፒ ካለው 5 ፖርት 4ቱ መብራት ይሰጣሉ። በ802.3ኤኤፍ ደንብ አንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል፤ ኬብል ላይ የሚባክነው ተቀንሶ ለካሜራው 12.95 ዋት ይደርሰዋል። ለተራ የቤት ካሜራ ይበቃል። እኔን ያሳመነኝ ሌላ ነው። 4 ካሜራ በ4 አዳፕተር ከ4 ሶኬት ከተሰካ መብራት ሲሄድ ሁሉም ይጠፋሉ። በፒኦኢ ግን ስዊቹን አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ ካደረጋችሁት ካሜራዎቹ አብረውት ይቆያሉ። ሌባ የሚጠብቀው ጨለማውን ነው።

እንከኑ አዳፕተሩ ነው፤ 53.5 ቮልት ነው። ለራውተር የሚሸጡት ትንንሽ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤሶች አያነሱትም። 220 ቮልት የሚያወጣ ዩፒኤስ ይፈልጋል። ባትሪው ከ12 ወደ 220 ይወጣል፣ ተመልሶ ወደ 53 ይወርዳል፣ በየመሃሉ ይባክናል። ስዊቹና 4 ካሜራ 30 ዋት ገደማ ቢወስዱ፣ አንድ ባለ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም።

ማይክሮቲክ አርቢ260ጂኤስ ከ8 እስከ 30 ቮልት ያገኘውን ይቀበላል። ይሄ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ወደ 14 ቮልት ተኩል ይወጣል፣ ሲደክም ወደ 11 ይወርዳል። «12 ቮልት» ብቻ የተጻፈበት ዕቃ በዚህ መሃል ሊጎዳ ይችላል። ማይክሮቲኩ ግን ይችለዋል። ከሶላሩ ባትሪ በቀጥታ፣ መሃል ላይ ፊውዝ አድርጌ ነው ያገናኘሁት። ያው 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ይሄን ስዊች ብቻውን ሌሊቱን ሙሉ ያቆየዋል። ለካሜራ መብራት ግን አይሰጥም። ወንድሙ አርቢ260ጂኤስፒ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን የገባለትን ቮልት እንዳለ ነው። የ802.3ኤኤፍ ካሜራ በዚያ አይነሳም።

ስለዚህ ካሜራ የሚቀድምበት ቤት ቲኤል-ኤስጂ1005ፒን ከጥሩ ዩፒኤስ ጋር ይውሰድ። እንደኛ ቤት ሞተሩና ሴንሰሩ የሚቀድሙበት፣ ሶላር ያለው ቤት ማይክሮቲኩን ይያዝ።

ማይክሮቲኩ አንድ የኤስኤፍፒ ቀዳዳም አለው፤ ፋይበር ይገባበታል። ሰርቪስ ቤቱ ከዋናው ቤት ራቅ ካለ በግቢው የሚያልፈው የመዳብ ኬብል የክረምቱን መብረቅ ይዞ ሊገባ ይችላል። ፋይበር መስታወት ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በወዲያኛው ጫፍም ፋይበር የሚቀበል ስዊች ወይም መለወጫ ያስፈልጋል።

ኬብል ስትገዙ ጫፉን አስልጡና አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ አድርጓት። ውስጧ ብር ከመሰለ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ለፒኦኢ አትውሰዱት፤ ይሞቃል፣ መብራቱንም መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

ስዊቹን ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ሻጩ ሰክቶ ያሳያችሁ። አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ያለውን ቮልትና አምፒር አንብቡ፣ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ነቅሎ ይሰካው፣ ደግሞ ይንቀለው፣ ደግሞ ይሰካው። አምስት ስድስቴ ሲደረግ በየጊዜው ሁሉም መብራት ከተመለሰ ክፈሉ።