ለቀይዋ ቪኤፍአር የመረጥኳቸው የጎን ሻንጣዎች፦ ከ14 ወራት አጠቃቀም በኋላ

እ.ኤ.አ. የ2014 ሥሪት የሆነችውን ቀይ ሞተር ሳይክል፣ ሆንዳ ቪኤፍአር 800፣ ያገለገለች ሆና ስገዛት ዓይኔን የሳበው የኋላ ቅርጿ ነበር። ሞተሯ 782 ሲሲ ሲሆን አራት ሲሊንደሮቿ በቪ ቅርጽ የተደረደሩ ናቸው፤ የኋላ ጎማዋን የሚሸከመው ክንድ ጎማውን የሚይዘው ከአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ከመቀመጫው በኋላ ያለው ጭራዋ ደግሞ እየቀጠነ ወደ ላይ ይሾላል። ሻንጣ ለመምረጥ ሳስብ ያስቸገረኝም ይኸው ቅርጽ ነው። አሁን ላይዋ የሚገኙትን የጎን ሻንጣዎች ካስገጠምኩ 14 ወራት አልፈዋል፤ በእነዚህ ወራት ከምኖርባት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እየተነሣሁ 17,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለተጓዝኩባቸው ያየሁትን በዝርዝር መጻፍ እችላለሁ።

ለረጅም መንገድ ታስበው የተሠሩ አንዳንድ ሞተር ሳይክሎች ይህ ጣጣ የለባቸውም። ለምሳሌ ካዋሳኪ ኮንኮርስ እ.ኤ.አ. በ1986 ለገበያ ሲቀርብ የጎን ሻንጣዎቹ አብረውት ስለነበሩ ሻንጣውና አካሉ በአንድ እጅ የተሣሉ ይመስላሉ። ቪኤፍአር ግን ግማሽ ልቧ ከውድድር ሜዳ የመጣ ናት፤ ሻንጣ ባይኖራትም ሙሉ ናት፤ በመሆኑም የሚጨመርላት ዕቃ ሁሉ መልኳን ወይ ያከብራል ወይ ያበላሻል።

በመጀመሪያ የገዛሁት አራት ማዕዘን የአሉሚኒየም ሳጥኖችን ነበር። ጠንካሮች ነበሩ፤ ዕቃም በደንብ ይይዙ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱ ሲገጠሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ የለካሁት ወርድ 106 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የሞተር ሳይክሏ የራሷ ወርድ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከፊት በኩል ያለፍኩበት ክፍተት ከኋላ ላያሳልፈኝ ይችላል ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ግን ሳጥኖቹ ሲወልቁ የሚቀረው ነበር። ሳጥኖቹን የሚሸከመው ፖርቶ መጋላ፣ ማርሚታውን ለማለፍ ወደ ውጭ ተጎንብሶ፣ በወፍራም ጥቁር ቧንቧ ጭራዋን ከግራና ከቀኝ ከቦት ይቀራል። ሻንጣ የምጭነው በወር ሁለት ሦስት ቀን ነው፤ ብረቱን ግን በየቀኑ አየዋለሁ። ለዓይን ስል ሻንጣ ስመርጥ ሻንጣውን ብቻ እያየሁ፣ ሻንጣው በሌለበት የሚታየውን መርሳቴ ትልቁ ስሕተቴ ነበር። በሦስተኛው ወር ሸጥኳቸው።

ሁለተኛውን ከመግዛቴ በፊት የተለየ ነገር ሞከርኩ። በሽያጭ ገጾች ላይ ያለው ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከጎን የተነሣ ስለሆነ ወርዱን ይደብቃል። ስለዚህ የሦስት ዓይነት ሻንጣዎችን ልክ ከመግለጫቸው ወስጄ፣ በዚያው ልክ ወፍራም ካርቶን ቆርጬና አጣብቄ፣ በሞተሯ ጎንና ጎን በፕላስተር ለጠፍኩት። ከዚያም አሥር እርምጃ ያህል ርቄ ከጎን፣ ከኋላና ከኋላ አግድም ፎቶግራፍ አነሣሁ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ የፈጀብኝ ይህ ሥራ ከየትኛውም ምክር የበለጠ አስተምሮኛል።

ካርቶኑ በመጀመሪያ ያሳየኝ የታችኛውን ጠርዝ ነገር ነው። የሻንጣው ግርጌ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን፣ ወደ ላይ የሚሾለው የቪኤፍአር ጭራ ከሻንጣው ጋር ይጣላል፤ ሞተሯም ኋላዋ ዝቅ ያለ ትመስላለች። ግርጌው በጭራዋ አቅጣጫ በትንሹ ሽቅብ ሲያጋድል ግን ዓይን ከነዳጅ ጋኑ ተነሥቶ እስከ ኋላ መብራቱ ሳይሰናከል ይሄዳል። ሁለተኛው የላይኛው ጠርዝ ነው፤ ከመቀመጫው ከፍ ያለ ሻንጣ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቀለም ቢቀባ፣ በቅሎ ላይ የተጫነ ስልቻ ይመስላል። ሦስተኛው በሻንጣውና በአካሉ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ጥላ ይፈጥርና ሻንጣው አካሏ ሆኖ ይታያል፤ መዳፍ የሚያሳልፍ ከሆነ ግን ለብቻው የተንጠለጠለ ይመስላል። ይህ ክፍተት የሚወሰነው በአብዛኛው በማርሚታው ነው። በእኔዋ ሞተር ማርሚታው በቀኝ በኩል ዝቅ ብሎ ስለሚወጣ ሻንጣዎቹን ወደ ውስጥ ለማስጠጋት ዕድል ሰጥቶኛል። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የወጣው የቀድሞው የቪኤፍአር ትውልድ ማርሚታዎቹ ከመቀመጫው ሥር ስለሆኑ የዚያ ባለቤት ልኩን ራሱ ቢለካ ይሻለዋል።

በመጨረሻ የመረጥኳቸው እያንዳንዳቸው 30 ሊትር የሚይዙ፣ ክዳናቸው የተጠማዘዘ የፕላስቲክ ሻንጣዎች ናቸው። ወርዳቸው ሲገጠሙ 89 ሴንቲ ሜትር ነው። መያዣ ብረታቸው ከነቡሎኑ በሁለት ደቂቃ ይወልቃል፤ ሲወልቅ በእያንዳንዱ ጎን የሚቀረው አውራ ጣት የሚያካክል ሁለት ጥቁር ጉጥ ብቻ ነው። ክዳኖቹ ጥቁር ሆነው ስለመጡ ወደ ባትላሜራ ወስጄ በሞተሯ ቀለም አስቀባኋቸው፤ የቀለሙ ኮድ በመቀመጫው ሥር በተለጠፈው ምልክት ላይ ይገኛል። የማስቀባት ሐሳብ ያለው ሰው ሁለት ነገር አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ቀለሙ ፕላስቲክ ላይ እንዲይዝ የሚያደርገው የመጀመሪያ ቅብ መኖሩን፣ እንዲሁም ክዳኑ ሲለጠጥ እንዳይሰነጠቅ ማለስለሻ መቀላቀሉን። ክዳኑን ብቻ አስቀብቼ የኋላውን ግማሽ ጥቁር መተዌ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ጥቁሩ በጥላው ውስጥ ስለሚጠፋ ሻንጣው ከእውነተኛ መጠኑ ያነሰ ሆኖ ይታያል።

አሁን ቀለሙ ምን ላይ ነው? የክዳኑ ፊት እንደ መጀመሪያው ቀን ያበራል፤ በፀሐይም ከአካሏ ቀይ አልተለየም። የላይኛው ጠርዝ ግን ገና በሁለተኛው ወር ተጫረ። ምክንያቱ እኔው ነኝ፤ ስወጣና ስወርድ የጫማዬ ተረከዝ የሚነካው እዚያ ነው። አስጠግኜ ከዚያ ወዲህ ቦታውን ግልጽ መከላከያ ፕላስቲክ ለጥፌበታለሁ፤ አዲስ ጭረትም አልተፈጠረም። ጥቁሩ ክፍል በበኩሉ ሸካራ ስለሆነ በቨርጂኒያ ጸደይ ከዛፎች የሚረግፈው ቢጫ ብናኝ በቀዳዳዎቹ ይቀመጥበታል፤ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ውኃ ካልሆነ በጨርቅ አይለቅም።

የውኃው ነገር አላስደሰተኝም። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወራት አንድም ጠብታ አልገባም፤ በዘጠነኛው ወር ግን በአውራ ጎዳና ላይ ሁለት ሰዓት ዝናብ ሲመታኝ ውሎ የግራውን ስከፍት ሹራቤ ጫፉ ርሶ አገኘሁት። የጎማ ማሸጊያው በአንዱ ማዕዘን ላይ ተጨፍልቆ ቀርቶ ነበር። ክዳኑን ያለ ልክ ሞልቼ በጉልበት መዝጋቴ አስተዋጽኦ እንዳለው አልክድም፤ ቢሆንም በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ሻንጣ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲህ መሆን አልነበረበትም። ማሸጊያውን ቀይሬ በየሁለት ወሩ ሲሊኮን እቀባዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደረቅ ነው።

የእነዚህን ሻንጣዎች ዋጋ በእውነት ያወቅኩት ባለፈው መስከረም ከባለቤቴ ጋር ብሉ ሪጅ ፓርክዌይን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንሄድ ነው። መንገዱ ከቨርጂኒያ እስከ ሰሜን ካሮላይና 755 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ የጭነት መኪና አይገባበትም፤ የፍጥነት ወሰኑ በአብዛኛው በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፍተኛው ቦታው 1,845 ሜትር ይደርሳል። ኩርባ ተከትሎ ኩርባ በሚመጣበት በዚያ መንገድ ክብደቱ የት እንዳለ ሰውነት ወዲያው ያውቀዋል። ሠሪው በእያንዳንዱ ሻንጣ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ እንዳይጫን በክዳኑ ውስጥ ስለጻፈ ሁለቱንም በሚዛን እየመዘንኩ አመጣጠንኳቸው፤ ከባዱን ዕቃ ወደ ታችና ወደ ፊት አደረግኩ፤ የኋላውን ሞላም አጠነከርኩ። ይህ ካልተደረገ ኋላዋ ይሰምጥና የፊት መብራቷ የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። ባለቤቴ እግሯ ከሻንጣው ጠርዝ ጋር እንዳልተጋጨ ነግራኛለች፤ በአሉሚኒየሞቹ ጊዜ ሁልጊዜ የምታነሣው ቅሬታ ይህ ነበር።

ቦታው ለሁለት ሰው ለአራት ቀን ይበቃል፤ ለሳምንት ግን ልብስ ማጠብ ግድ ይላል። በስተጀርባ ሦስተኛ ሳጥን ጨምር ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። አልጨመርኩም፤ አልጨምርምም። ከኋላ ጎማው መሐል አልፎ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ክብደት የፊት ጎማውን ያቀልላል፤ በፍጥነትም መሪው እንዲወዛወዝ ሊያደርግ ይችላል። ከዚህም ሌላ ያ የሾለ ጭራ በሳጥን ከተሸፈነ እነዚህን ሁሉ ሻንጣዎች ስመርጥ የደከምኩበት ነገር ይጠፋል።

የውስጥ ከረጢቶቹን አለመግዛት ስሕተት ነው። ሻንጣዎቹ እንደ መጽሐፍ ወደ ጎን ስለሚከፈቱ ያለ ከረጢት ዕቃው መሬት ላይ ይዘረገፋል፤ ከረጢት ካለ ግን ማታ እሱን ብቻ አንጠልጥሎ ወደ ማደሪያ መግባት፣ አቧራና ጭቃ የነካውን ሻንጣ ደግሞ ሞተሯ ላይ ቆልፎ መተው ይቻላል።

ካርቶኖቹን ጋራዡ ውስጥ አስቀምጫቸው ነበር። ባለፈው ወር አንድ የአገሬ ልጅ፣ ጭራዋ ከእኔዋ አጠር ያለች ሞተር የገዛ ወዳጄ፣ ወስዶ ሞከራቸው፤ ከላይኛው ጠርዝ አራት ሴንቲ ሜትር ቆርጦ ሲያነሣ መስመሩ ልክ መጣለት። አሁን በዚያ ልክ የሚሠራ ሻንጣ እየፈለገ ነው።