ተንሸራታች በር ያለው ሃይብሪድ ቫናችን፦ ከ14 ወር የደሴት ጉዞ በኋላ

መኪናው ሃይብሪድ ነው፤ በቤንዚንም በባትሪም ይሄዳል። ያገለገለ ሆኖ ነው የገዛነው። ያኔ 61,000 ማይል ሄዶ ነበር፤ አሁን 78,000 አልፏል። የምንኖረው ሲያትል ነው። አብዛኛው ማይል የሥራና የትምህርት ቤት ምልልስ ነው። እኛ ግን የገዛነው ከሲያትል በስተ ሰሜን ላሉት ለሳን ዋን ደሴቶች ብለን ነው። ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችን፣ እናቴና እኔ መኪናችንን ፌሪ (መኪና የሚያሻግር መርከብ) ላይ ጭነን ከደሴት ደሴት መዞር እንወዳለን።

ከሁሉ በፊት በሩን ላመስግን። ፌሪው ውስጥ መኪና የሚደረደረው በጣም ተጠጋግቶ ነው። በመሃል ሰው የሚያልፈው በጎኑ ዞሮ ነው። በድሮው መኪናችን ልጆቹ በር ሲከፍቱ የሰው መኪና እንዳይገጩ ብዬ ስጮህ ነበር የምውለው። አሁን በሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ልጆቹ ይወርዳሉ፣ አለቀ። ወለሉም ዝቅ ያለ ነው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ግን እጄን ይዛ በቀላሉ ትወርዳለች። የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ የምታውቀው የጣናን ታንኳ ነው። የመጀመሪያ ቀን መርከቡ ያን ሁሉ መኪና ሲውጥ አይታ አማተበች። ዛሬ ቀድማን ወጥታ መስኮት ዳር ቦታ የምትይዝልን እሷ ናት።

ሌላው ሰልፉ ነው። ከሲያትል ፌሪው እስከሚነሳበት አናኮርተስ ወደብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይነዳል። ቦታ ብታስይዙም ከመነሻው 45 ደቂቃ ቀድማችሁ ብትደርሱ ይሻላል። በጋ ላይ ፌሪው ከዘገየ ደግሞ መጠበቅ ብቻ ነው። ሃይብሪድነቱ እዚህ ይጠቅማል። ሰልፉ ትንሽ ፈቀቅ ሲል በባትሪ ብቻ፣ ያለ ድምፅ ይሄዳል። ቆመን ስንውል የኋላውን በር ከፍተን ምሳ ዕቃውንና የቡናውን ፔርሙዝ እናወጣለን። ብዙ ምሳ እዚያ ሰልፍ ላይ በልተናል።

ነዳጁ በአማካይ በጋሎን 34 ማይል ነው። ስድስት ሰው ከነሻንጣው ለጫነ መኪና በጣም ጥሩ ነው። ደሴቶቹ ላይ ነዳጅ ስለሚወደድ አናኮርተስ ሳንሻገር እንሞላለን። ኦርካስ ደሴት ላይ ማውንት ኮንስቲትዩሽን የሚባል ተራራ አለ፤ ከፍታው 730 ሜትር ገደማ ነው። ስንወጣው ሞተሩ ይጮኻል፣ ግን ይወጣል። ያስደነገጠኝ መውረዱ ነው። ነዳጅ ሳልሰጠው ሞተሩ ብቻውን አጓራ። ተበላሸ ብዬ ዳር ያዝኩ። ለካ ፍሬኑ የሚሰበስበው ኃይል ባትሪውን ሞልቶት፣ ማስቀመጫ ሲጠፋ መኪናው በሞተሩ እየያዘ ነው የሚወርደው።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። የካቲት ላይ ሳን ዋን ደሴት ላይ ወዳለችው የወደብ ከተማ፣ ወደ ፍራይደይ ሃርበር ስንሄድ ልጆቹ ፌሪው ውስጥ በሩን ከፍተው፣ መብራቱን አብርተው፣ ሬዲዮ ሲሰሙ ቆዩ። ፌሪው ሊጠጋ ሲል የማስነሻውን ቁልፍ ብጫን ጭጭ። ክሩስኮቱ እንኳ አልበራም። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ነው፤ የወደቀችው ትንሿ 12 ቮልት ናት። ሃይብሪዱን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት፤ እሷ ከሌለች የትልቁ መሙላት ዋጋ የለውም። ከኋላችን ያ ሁሉ መኪና ለመውረድ ይጠብቃል። አንድ የመርከቡ ሠራተኛ በእጅ የሚያዝ የባትሪ ማስነሻ ይዞ ሮጦ መጣ፤ እግዜር ይስጠው። ያቺ ባትሪ ስታረጅ የሚያስጠነቅቅ ነገር አለመኖሩን እስካሁን አልወደድኩትም። ሃይብሪድ ካላችሁ በእጅ የሚያዝ ማስነሻ ግዙና መኪናው ውስጥ አስቀምጡ።

አፍንጫውም ረጅምና ዝቅ ያለ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ የፌሪው መወጣጫ ቁልቁል ስለሚሆን የፊት ፓራውልቱን ሁለት ጊዜ አስጭሬዋለሁ። አሁን በጣም ቀስ እላለሁ። ጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላና ሳጥን ከጫናችሁ ደግሞ ቁመቱን ለኩ፤ ቦታ ስታስይዙ ትጠየቃላችሁ። ከጉዞ ስንመለስ ጨውን ከሥሩ በውኃ አስጥባለሁ። ዝገት እስካሁን አላየሁም።

ስለ ወጪ አንድ ነገር ልጨምር። ከአናኮርተስ የሚነሳው ፌሪ የሚያስከፍለው ወደ ምዕራብ ሲሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጥታ ወደ ፍራይደይ ሃርበር እንሻገራለን፤ ከዚያ ኦርካስን፣ ቀጥሎም ሎፔዝን እያየን ወደ ምሥራቅ እንመለሳለን። አንድ ጊዜ ከፍለን ሦስት ደሴት እናያለን። ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ደግሞ 18 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ተሳፋሪዎች አይከፍሉም። ለሦስት ልጅ ቀላል አይደለም።

ሎፔዝ ላይ መንገድ የሚያገኛችሁ ሹፌር ሁሉ እጁን አንስቶ ሰላም ይላል፤ የደሴቲቱ ልማድ ነው። እማዬ ከኋላ ወንበር ለሁሉም ትመልሳለች። በሰኔ ለመመለስ ቦታ ይዘናል። 12 ቮልቷን ቀይሬያታለሁ፤ የቀሩት የፊት ጎማዎቹ ናቸው።